ምንም የማይሰፋ ስፌት

አንድ ስፌት ሁለት ነገር ካላገናኘ ስፌት ነው ወይ?

ነገሩ ከየት እንደመጣ ላስረዳ። የድሮ የሸራ መርከቦችን በትንሹ እየሠሩ መስታወት ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰዎች በብዙ አገር አሉ። እኔም አንዱ ነኝ። ቀን ኮድ እጽፋለሁ፤ ማታ ደግሞ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ባሕር ላይ የነበረ መርከብ በጠረጴዛዬ ልክ አሳንሼ እሠራለሁ። «ወደብ የሌለው አገር ልጅ መርከብ ምን ያደርግለታል?» የሚለውን ከዘመድም ከወዳጅም ስለጠገብኩት እዚህ አልመልሰውም። ስለ ፕላኔቶች የሚያነብ ልጅ «ማርስ ሄደህ ታውቃለህ?» ተብሎ አይጠየቅም።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሰፊ ተከታይ ያለው አንድ እምነት አለ። ሞዴሉ «እውነተኛ» እንዲሆን ሸራው ከእውነተኛ ጨርቅ ተቆርጦ በእውነተኛ መርፌና ክር መሰፋት አለበት ይላል። በዚህ እምነት ወረቀት የሚጠቀም ሰነፍ ነው። እርሳስ የሚጠቀም አጭበርባሪ ነው። መርፌ የያዘ ግን ጻድቅ ነው። ሞዴሉን ሊያይ የመጣ እንግዳ ወደ ሸራው ጠጋ ብሎ «ይሄን ሁሉ በእጅህ ሰፋኸው?» ሲል ሠሪው ፈገግ ይላል፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ያልቃል።

እኔ እዚያ ላይ ነው መጀመር የምፈልገው። የምለውም ይሄ ነው፦ በትንሽ ስኬል የተሰፋ ሸራ ወደ እውነቱ አይቀርብም፣ ይርቃል። ይባስ ብሎ፣ ድካማቸውን አከብራለሁ የሚላቸውን የጥንት ሸራ ሰፊዎች ሥራ ይሰርዛል። ይህን የምለው ስሜቴን ይዤ አይደለም። ሒሳቡን ይዣለሁ፤ አብረን እንሥራው።

ሸራ እንዴት ይሰፋ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1794 ዴቪድ ስቲል የተባለ የለንደን አሳታሚ ስለ ምሰሶ፣ ስለ ሸራና ስለ ገመድ አሠራር ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ሞዴል ሠሪዎች ይህን መጽሐፍ እስከ ዛሬ እንደ ሕግ መጽሐፍ ያዩታል፤ ምክንያቱም ነገሩን በግምት አያወራም፣ በቁጥር ያስቀምጣል። የሸራው ጨርቅ ስፋት 24 ኢንች ነው፤ 61 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ ትልቅ ሸራ ከአንድ ጨርቅ አይወጣም። 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ረጃጅም ቁራጮች ጎን ለጎን ይደረደራሉ፣ የአንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ ይደረባል፣ ከዚያም ድርቡ በሁለቱም ወገን ይሰፋል። ስንት ጊዜ መርፌ ይግባ? ስቲል ይመልሳል፦ በአንድ ያርድ ማለትም በ91 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከ108 እስከ 116 ጊዜ።

ክሩ ከሦስት ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ነው፣ ሰምም ይቀባል። ሰፊው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መሃሉ ብረት ያለው ቆዳ መዳፉ ላይ አስሮ፣ መርፌውን በዚያ ብረት እየገፋ ወፍራሙን የተልባ ጨርቅ ይወጋል። በመጽሐፍ ቅዱሱ አማርኛ «የተልባ እግር» የምንለው ዘር ነው፤ ይሄኛው ግን ለካህን ልብስ ሳይሆን ለማዕበል የተሸመነ ነው። ጨርቁ ብቻውን ንፋሱን ስለማይችለው በመጨረሻ ዙሪያውን ገመድ ይሰፋበታል። ያ የጠርዝ ገመድ የሚሰፋው በዘፈቀደ አይደለም። ምሰሶውን አቋርጦ በሚሰቀለው አራት ማዕዘን ሸራ ላይ በኋላ ፊቱ በኩል ነው፤ በመርከቡ ርዝመት በሚዘረጋው ሸራ ላይ ደግሞ በግራ ፊቱ። መርከበኛው በጨለማ፣ ዝናብ እየመታው፣ ሸራውን በእጁ ዳብሶ የትኛው ፊት እንደሆነ ያውቃል።

አሁን አንድ እውነተኛ ሸራ እንይ። የአድሚራል ኔልሰን መርከብ ቪክቶሪ እ.ኤ.አ. በ1805 በትራፋልጋር ስትዋጋ ከፊተኛው ምሰሶዋ ላይ ተሰቅሎ የነበረ አንድ ሸራ እስከ ዛሬ አለ። ከጦርነቱ የወጣው ወደ 90 በሚጠጉ ቀዳዳዎች ተበሳስቶ ነው። ከዚያ ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ1960 ፖርትስመዝ ውስጥ፣ የባሕር ኃይሉ ጂምናዚየም ውስጥ፣ ከማይፈለጉ የስፖርት ፍራሾች ሥር ተገኘ። ከላይ 54 ጫማ፣ ከታች 80 ጫማ፣ ቁመቱ 54 ጫማ ነው። ሲሰላ 336 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ብዙዎቻችን የምንኖርበት የኮንዶሚኒየም ቤት አራት አምስቱ ውስጡ ይገባል።

እስኪ ስፌቱን እንቁጠረው። 336 ካሬ ሜትር በ61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሲካፈል ወደ 550 ሜትር የሚረዝም ጨርቅ ይሆናል። ቁራጮቹን የሚያገናኙት ድርቦች ከዚያ ብዙም አያንሱም፤ 540 ሜትር እንበል። እያንዳንዱ ድርብ በሁለት መስመር ስለሚሰፋ 1,080 ሜትር ስፌት። በአንድ ሜትር ወደ 122 የመርፌ ውግ። ውጤቱ ከ130 ሺህ በላይ ነው። ይህ እንግዲህ የጠርዙን ገመድ፣ ማጠናከሪያ ቁራጮቹንና የገመድ ቀዳዳዎቹን ሳንቆጥር ነው። ለአንድ ሸራ ብቻ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ተረት እዚህ ቁጥር አገኘ።

ይህን ቁጥር ያዙት። ኋላ እመለስበታለሁ።

ሒሳቡ

ብዙ የሞዴል መርከቦች የሚሠሩት ከ1፡48 እስከ 1፡100 ባለው ስኬል ነው። መሃሉን፣ 1፡64ን ልውሰድ። በዚህ ስኬል ያንን ሸራ ብትሠሩት ግርጌው 38 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 26 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እስከዚህ ጥሩ ነው፤ እጅ ላይ የሚያዝ ነገር ነው።

አሁን ስፌቱን እናሳንስ። በእውነተኛው ሸራ ላይ ከአንዱ የመርፌ ውግ እስከ ቀጣዩ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለ64 ሲካፈል 0.13 ሚሊ ሜትር። በረንዳ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ልብስ ሰፊ ሲንጀሩን እስከ መጨረሻው ቢያጠበው ጨርቁ ሳይሰበሰብ የሚሄድለት 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ያቺን 1 ሚሊ ሜትር ወደ እውነተኛው መርከብ መልሷት፦ 6.4 ሴንቲ ሜትር። የጣት ርዝመት ያላት ስፌት! እንዲህ የሰፋን ሸራ ሰፊ አለቃው በዚያው ቀን ያባርረው ነበር፤ ሸራውም የመጀመሪያውን ደህና ንፋስ አያልፍም።

ክሩስ? ተራ የስፌት ክር ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ64 ሲባዛ 1.3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው ገመድ ማለት ነው፤ በዚህ ሸራ አይሰፋም፣ በሬ ይታሰራል እንጂ።

ጨርቁ ደግሞ የባሰ ነው። ኪት ውስጥ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ያልነጣ ተራ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ እኛ አቡጀዲ የምንለው። ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ቢሆን በመርከቡ ላይ 16 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የእውነተኛው ሸራ ውፍረት ግን ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። 16 ሚሊ ሜትር ሸራ አይባልም፣ ጣውላ ነው። አቡጀዲ በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ወደ 25 ክር አለው ብንል እያንዳንዱ ክር በመርከቡ ልክ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ቦታ ይይዛል። የጤፍ ኬሻ እንኳን ከዚህ የጠበቀ ነው።

የሞዴል አውሮፕላን ክንፍ የሚለበስበት ስስ ወረቀት ግን አለ፤ 0.03 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በ64 ሲባዛ 2 ሚሊ ሜትር። አሁንም ትንሽ ወፍራም ነው፣ ግን ሰፈሩ ትክክል ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በግልጽ የሚለው፦ «ሐሰተኛ» የተባለው ወረቀት ከ«እውነተኛው» ጨርቅ ስምንት እጥፍ ለእውነቱ ይቀርባል።

ሸራውን ጠቅልሎ አግዳሚው እንጨት ላይ ማሰር የሚወዱም አሉ። እነሱም ከሒሳቡ አያመልጡም። 26 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው አቡጀዲ ጥብቅ ተደርጎ ሲጠቀለል 9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቅል ይወጣዋል፤ በመርከቡ ልክ 58 ሴንቲ ሜትር። እውነተኛው ሸራ በዚያው ጥብቀት ቢጠቀለል 15 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ወረቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሠሪዎች የሚጠቀለል ሸራ ሲሠሩ ቁመቱን ቆርጠው ግማሽ ወይም ሲሶ የሚያደርጉት። ልብ በሉ፦ ጨርቁን «እውነተኛ» ለማድረግ ሲሉ ሸራውን ራሱን ቆረጡት።

ንፋስና ክብደት

ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ዓመት ያውቀዋል፤ ግን የሚወደው ነገር ላይ ሲደርስ ይረሳዋል። አንድን ነገር በርዝመት 64 ጊዜ ስታሳንሱት ስፋቱ በ64 አያንስም፤ በ4,096 ነው የሚያንሰው። ክብደቱ ደግሞ በ262,144። ዓለም እኩል አያንስም።

ሸራ ከምሰሶ ላይ ሲንጠለጠል የሚተኛበት፣ የሚታጠፍበት፣ ሆዱን የሚነፋበት መንገድ የሚመጣው ከክብደቱ፣ ከግትርነቱና ከንፋሱ ትግል ነው። 336 ካሬ ሜትር ሸራ ከባድ ነው፤ በራሱ ክብደት ይወድቃል። የእጅ መሐረብ የምታህል አቡጀዲ ግን ክብደቷ ኢምንት፣ ግትርነቷ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ እንደ ካርቶን ትቆማለች። ይሄኔ ሠሪው ጠርዟ ውስጥ ሽቦ ይከታል፣ ስታርች ያጠጣታል፣ የፀጉር ስፕሬይ ይነፋባታል፣ በፀጉር ማድረቂያ ያደርቃታል። ሽቦ፣ ስታርችና ስፕሬይ ከተፈቀደ ወረቀት ለምን ይከለከላል? ስስ ወረቀት እርጥብ እያለ በተቀረጸ ቅርጽ ላይ ወይም በተነፋ ፊኛ ላይ ተለጥፎ ሲደርቅ የሆዱን ቅርጽ ይይዛል። ሽቦ አይፈልግም፣ ትግል የለውም፤ ያው አንድ ቀን መታገስ ብቻ ነው።

ሻዩ ደግሞ

ስለ ቀለምም አንድ ነገር ልበል። አቡጀዲው ከተሰፋ በኋላ «ያረጀ እንዲመስል» ሻይ ወይም ቡና ውስጥ ይነከራል። ይህ ምክር የትም ብትሄዱ አለ። ካቲ ሳርክ የምትባለው ታዋቂ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1869 ወደ ውኃ ስትገባ የተሠራችው ከቻይና ሻይ ለማመላለስ ነበር። ሻይ ትጭን ነበር እንጂ ሻይ ውስጥ አልተነከረችም።

ፀሐይ የተልባ ሸራን የሚወስደው ወደ ንጣት እንጂ ወደ ጥቁረት አይደለም። ቡናማ ሸራ አልነበረም እያልኩ አይደለም። ዓሣ አጥማጆች ጨርቁ እንዳይበሰብስባቸው ሸራቸውን የዛፍ ልጣጭ በተቀቀለበት ውኃ ይነክሩት ነበር፤ የእነሱ ሸራ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ነበር። ያ ቀለም ምክንያት አለው። የጦር መርከብን ሸራ የቡና ቀለም ማልበስ ግን ምክንያቱ «አሮጌ ነገር ሁሉ ቡናማ ነው» የሚለው የፎቶ ፊልተር አስተሳሰብ ነው። ከዚህም ሌላ ሻይም ቡናም አሲድነት አላቸው፤ ጥጡን በጊዜ ብዛት ያዳክሙታል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

የተሰረዘው ሥራ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደዚያ 130 ሺህ።

የተለመደው የሞዴል ሸራ እንዴት ይሠራል? ከአንድ ወጥ ጨርቅ ይቆረጣል። ከዚያ ላዩ ላይ ትይዩ የሆኑ መስመሮች በማሽን ይሰፋሉ። መስመሮቹ ምንም አያገናኙም። ጨርቁ ድሮውኑ አንድ ነው። ስፌት የሚመስል የክር ሥዕል ነው። ብትተረትሩት ሸራው አይለያይም፤ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል።

መስመሮቹስ ስንት ናቸው? የቪክቶሪ ሸራ ከግርጌው 40 ቁራጭ ጨርቅ ጎን ለጎን ይፈልጋል። በ1፡64 ከአንዱ መስመር እስከ ቀጣዩ 9.5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት ማለት ነው። አንድ ወዳጄ በኩራት ያሳየኝ በእጅ የተሰፋ ተመሳሳይ ሸራ ላይ የቆጠርኩት ዘጠኝ መስመር ነው። ዘጠኝ! ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በክር 39 መስመር ብትሰፉ ጨርቁ ይሰበሰባል፣ ይጨማደዳል፣ ያስጠላል። ስለዚህ መርፌው ራሱ ሠሪውን ከቁጥሩ እንዲቀንስ ያስገድደዋል። ሠሪው ለሸራ ሰፊዎቹ ክብር ብሎ መርፌ ያዘ፤ መርፌው ከሥራቸው ከሦስት አራተኛው በላይ ቆርጦ ጣለ። ተመልካቹም ያንን አይቶ «አሃ፣ ሸራ ከዐሥር ቁራጭ ነበር የሚሠራው» ብሎ ይሄዳል።

በእኔ እምነት ጉዳዩ እዚህ ጋ ነው ከትርፍ ጊዜ ጨዋታ ያለፈው። የእነዚያ ሸራ ሰፊዎች ስም በአብዛኛው የለንም። ኔልሰን ለንደን መሃል ሐውልት ላይ ቆሟል፤ ሸራውን የሰፋው ሰው የቀረለት ስፌቱ ብቻ ነው። የቁራጩ ስፋት፣ የድርቡ መጠን፣ ገመዱ የተሰፋበት ፊት፣ ይህ ሁሉ የእሱ ፊርማ ነው። ሞዴል የሚሠራ ሰው ያንን ፊርማ የመገልበጥ ኃላፊነት ወስዷል። ፊርማውን ትቶ ብዕሩን ብቻ የገለበጠ ሰው ምን ገለበጠ?

ሶፍትዌር የምትጽፉ ይህን በሽታ ታውቁታላችሁ። ሽፋኑ 90 በመቶ እንዲሆን ተብሎ የሚጻፍ ቴስት አለ። ኮዱን ይጠራል፣ ይሮጣል፣ አረንጓዴ ያበራል፤ ምንም ግን አያረጋግጥም። ቴስት ይመስላል። ለይምሰል ነው። እስከ 2013 ድረስ የአይፓድ ካላንደር ከላይ በኩል የተሰፋ ቆዳ ነበረው፤ ክሩ ሳይቀር ተስሎ። አይኦኤስ 7 ሲመጣ ያ ሁሉ ተነሳ። ቆዳው ምንም አልያዘም ነበር፣ ስፌቱም ምንም አላገናኘም ነበር። የእኛ ትውልድ በስክሪን ላይ የሳቀበትን ነገር በመስታወት ሳጥን ውስጥ ሲያየው ለምን ባርኔጣውን ያነሳል?

«ግን እኮ...»

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ። ደጋግሜ ሰምቻቸዋለሁ።

«ወረቀት ላይ በእርሳስ ማስመርስ ማስመሰል አይደለም ወይ?» ነው፤ ግን ማስመሰሉን አይደብቅም። ካርታ አዲስ አበባን ሲያሳይ «እኔ አዲስ አበባ ነኝ» አይልም። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ታትሞ የመጣ ጥለት «የእጅ ሽመና ነው» ተብሎ ቢሸጥላችሁ የሚያበሳጫችሁ ሕትመቱ አይደለም፤ ሕትመት በራሱ ሐቀኛ ነገር ነው። የሚያበሳጨው ያልተሠራን ሥራ ተሠራ ማለቱ ነው። በአንድ ወጥ ጨርቅ ላይ የሰፋችሁት መስመር ከዚያ ከታተመው ጥለት ጋር ወንድማማች ነው። «እዚህ ጋ ሁለት ጨርቅ ተገናኝቷል» ይላል። አልተገናኘም።

«ስፌቱ ካልታየ ሞዴሉ ባዶ ይመስላል።» ጤናማ ዓይን በ1 ሜትር ርቀት ላይ ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በስኬሉ ትክክለኛ የሆነው የመርፌ እርምጃ 0.13 ነው። ስለዚህ መታየት የለበትም! የሚታየው ሌላ ነገር ነው። ድርቡ ሁለት ጨርቅ ስለሆነ ብርሃን ከኋላው ሲመጣ ከሌላው ጠቆር ያለ ሰንበር ይሆናል። በትልልቅ መርከቦች ድርቡ 1 ኢንች ተኩል ያህል ነበር፤ በስኬላችን 0.6 ሚሊ ሜትር። ይህ ይታያል። በተቀረጸ ጠንካራ እርሳስ ወይም በቀጠነ ቀለም 0.6 ሚሊ ሜትር ሰንበር መሥራት ይቻላል፤ በክር ግን አይቻልም። ማታ መብራት ከኋላው አድርጋችሁ እዩት፤ ከዚያ ስለ ባዶነት እናወራለን።

«እኔ መስፋት ደስ ይለኛል።» እሰይ። ከዚህ ጋር ጠብ የለኝም። ስፉ። ትራስ ስፉ፣ ሸራም ስፉ። ደስታን «ታሪካዊ ትክክለኛነት» ብላችሁ ስትሰይሙትና ወረቀት የያዘውን ጀማሪ ልጅ ስታሳፍሩት ብቻ ነው የምንጣላው። ያ ልጅ ከስቲል መጽሐፍ ቁጥሩን አውጥቶ 39 መስመር በየ9.5 ሚሊ ሜትሩ አስምሯል። እሱ ነው ያከበራቸው።

«ታዲያ ሸራውን መተው አይሻልም?» ብዙዎች በዚህ ያመልጣሉ፤ ባዶ ምሰሶና ገመድ ብቻ። የቆየ ልማድ ነው፤ የጥንቶቹ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሞዴሎችም በአብዛኛው ሸራ አልነበራቸውም። መጥፎ ሸራ ከመስቀል ባዶ ምሰሶ ይሻላል፣ እስማማለሁ። ግን ሸራ የመርከቡ ሞተር ነው። ሞተሩን ያወጣነው ከብዶን እንጂ አላስፈላጊ ሆኖ አይደለም፤ ይህን ማወቅ አለብን።

ስፌት ስፌት የሆነበት

መርፌ ጠላቴ አይደለም። ሕግ ካስፈለገ ሕጉ አጭር ነው፦ መርፌያችሁ የምትሄደውን እርምጃ በስኬላችሁ አባዙት፤ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ከቀረበ ስፉ። በ1፡12 የምትሠሩ ከሆነ 1 ሚሊ ሜትሯ 12 ትሆናለች፤ ክሩም 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ያ በቂ ነው። ቁራጭ በቁራጭ ቆርጣችሁ፣ ደርባችሁ፣ በሁለት መስመር ስፉት። እዚያ ስፌቱ ያገናኛል። ውኃ ላይ በሪሞት የሚሄድ የሞዴል ጀልባ ካላችሁም ንፋሱ እውነተኛ ስለሆነ የሚዳኛችሁ ንፋሱ ነው፤ የእኔን ጽሑፍ ተዉት።

ከሸራም ውጭ ስፌት ሕይወት የተሸከመበት መርከብ ነበር፤ ያውም በእኛው ሰፈር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ አክሱም በቀይ ባሕር ላይ ኃይል በነበረችበት ዘመን፣ ፕሮኮፒዮስ የተባለው የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ በዚያ ባሕርና በሕንድ ያሉት መርከቦች ጣውላቸው በብረት ሚስማር ሳይሆን በገመድ እንደሚታሰር ጽፏል። ሰዉ «ባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ድንጋይ ስላለ ነው» ይል እንደነበርና ወሬው ልክ እንዳልሆነም ጨምሮ ጽፏል። ይህ ጥበብ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የሙስካት ዕንቁ የተባለች፣ ጣውላዋ በኮኮናት ገመድ የተሰፋ መርከብ ከኦማን ተነስታ ሲንጋፖር ደርሳለች። የዚያ ዓይነቱን መርከብ ሞዴል የሚሠራ ሰው ስፌቱን ከተወ መርከቡን ተወ ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ ያቺ 6.4 ሴንቲ ሜትር የሆነች የማሽን እርምጃ ለጣውላ ስፌት ነው የምትቀርበው። ልኩ ነበረ፤ የተሳሳተው ቦታው ነው።

ምን ይደረግ?

ከሠሪዎች የምጠይቀው ብዙ አይደለም።

ቁጠሩ። ከመቁረጣችሁ በፊት መርከባችሁ በየትኛው ዘመን፣ በየትኛው አገር እንደተሠራ አጣርታችሁ የጨርቁን ስፋት እወቁ፤ ከዚያ ቁራጮቹን ቁጠሩ። ቁጥሩ ልክ ከሆነ በእርሳስም ይሁን በቀለም ይሠመር፣ እኔ ዝም እላለሁ።

የጠርዙን ገመድ በትክክለኛው ፊት አድርጉ። በኮላ ለጥፉት። ማንም ላያየው ይችላል፤ መርከበኛው ግን በጨለማ የሚፈልገው እሱን ነበር።

«በእጄ ነው የሰፋሁት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ለሌላ ቀን አቆዩት። እንግዳው ጠጋ ብሎ ሲጠይቃችሁ «አይ፣ ይሄ ወረቀት ነው። እውነተኛው ላይ ግን እዚች ጋ ከመቶ ሠላሳ ሺህ በላይ ጊዜ መርፌ ገብቷል» በሉት። ፊቱን እዩ። ስለ እናንተ ሳይሆን ስለ እነሱ ማሰብ ሲጀምር ታዩታላችሁ።

መርፌ ካማራችሁም መንገድ አለ። መርካቶ ሂዱና ወፍራም ሸራ፣ የድንኳን ዓይነቱን፣ ሁለት ሜትር ግዙ። ሁለት ቁራጭ አድርጉት። ጠንካራ መርፌ፣ ወፍራም ክር፣ ሰም፣ ለመዳፋችሁ አንድ ቁራጭ ቆዳ ያዙ። ከዚያ በእውነተኛው ልክ፣ በየ8 ሚሊ ሜትሩ፣ ድርቡን በሁለቱም ወገን ስፉት። አንድ ሜትር ብቻ። ወደ 244 ጊዜ መውጋት ይሆናል። ጣታችሁ ሲቆስል፣ ትከሻችሁ ሲደነዝዝ፣ የቪክቶሪ ያ አንዱ ሸራ ብቻ እንዲህ ያለ 540 ሜትር እንደነበረው አስቡ። ያንን ቁራጭ ጨርቅ ከሞዴሉ አጠገብ ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

ከዚያ እርሳሳችሁን ቅረጹና ወደ ሥራችሁ ተመለሱ።